ሁሉም ሰርግ ከሄደ ቤቱን ማን ይጠብቃል?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በተሸነፉ ማግስት ገጻችሁን ስገልጥ ሁለት ዓይነት አስተያየት አላጣም። አንዱ «እኛ አጭርና ቀጫጭን ነን፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጎረምሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ መግጠም አንችልም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄ አጭር ቅብብል ነው ያስበላን፣ ጠልዘን እንሩጥ» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። ካልሰለቻችሁ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የቁመቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው እኛው ነን። ዘራችንን ቀይረን አልነበረም። እሺ፣ ከ60 ዓመት በኋላ የኬፕ ቨርዴው ታቫሬዝ በጭንቅላት ገጭቶ እንዳገባብን አልክድም። ግን ያኔ በ10 ሰው ነበርን። ጥያቄዬም ይኸው ነው፤ ለምን በ10 ሰው ሆንን?

ቀኑን አትረሱትም። ጥር 1 ቀን 2014 ነው፣ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሰፈራችን ካለው ካፌ ተሰብስበናል። ቤት ውስጥ የገና ዶሮ ወጥ ገና አላለቀም። ማኪያቶዬን አዝዤ ሳይመጣልኝ፣ በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባየህ በቀይ ካርድ ወጣ። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ ነበር የሰጠው። ቪኤአር የሚባለውን የቪዲዮ ምስል አይቶ ቀየረው። ካፌው በሙሉ ዳኛውን ተሳደበ። እኔም ተሳድቤያለሁ፣ አልዋሽም። አጠገቤ የነበሩ አንድ የሰፈራችን ጋሼ ብቻ ዝም አሉ። በኋላ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ዳኛውን ተወው። ያ ልጅ ከአጥቂው ጋር ብቻውን ምን ይሠራ ነበር? ሌሎቹ የት ሄደው ነው?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሁሉም ሰርግ ከሄደ ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አሉ።

ያቺ አባባል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ቤቴ ገብቼ መቁጠር ጀመርኩ።

ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በ2005 ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ። ከዚያ ካሜሩን ላይ በ2014። በሁለቱ ውድድሮች ስድስት ጨዋታ አደረግን። በስድስቱ ሦስት ቀይ ካርድ አየን። ጀማል ጣሰው ከዛምቢያ ጋር፣ ሲሳይ ባንጫ ከናይጄሪያ ጋር፣ ያሬድ ከኬፕ ቨርዴ ጋር። ሁለቱ በረኞች ናቸው፣ አንዱ የመሃል ተከላካይ። አንዳቸውም ዳኛ ሰድበው ወይም ሰው መትተው አይደለም የወጡት። ሦስቱም የመጨረሻው ሰው ሆነው ነው የወጡት። ፊት ለፊት ሮጦ የሚመጣ አጥቂ አለ፣ አጠገብ ግን የሚያግዝ የለም። ሲሳይ የወጣ ቀን ቅያሪያችንን ጨርሰን ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ጎል ሥር ቆመ። ያኔ ስቀን አልፈነዋል። አሁን ሳስበው የሚያስቅ አይደለም።

አንድ ጊዜ ቢሆን የተጫዋቹ ስህተት እል ነበር። ሁለት ጊዜ ቢሆን ዕድል። ሦስት ጊዜ ግን፣ በተለያየ አሰልጣኝ፣ በተለያየ ተጫዋች፣ ዘጠኝ ዓመት ተራርቆ ሲመጣ የአጨዋወታችን ነገር ነው።

አሁን የማጫውታችሁ ደግሞ ይበልጥ የሚገርመኝን ነው። በ2005 ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ዛምቢያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ሰዒድ ፔናሊቲ ሳተ። ከዚያ ጀማል ወጣ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ምቤሱማ አገባብን። በቃ አራት አምስት ይገባብናል ብለን ቁጭ አልን። ምን ሆነ? በ10 ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፣ 1 ለ 1 ወጣን። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶን ገጠምን። 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ በረኛቸው ሱላማ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ። አሁን እኛ 11፣ እነሱ 10። ካፌው ጨፈረ። ስንት ለስንት አለቀ? 4 ለ 0! ሦስቱ የገቡብን እነሱ ሰው ከጎደለባቸው በኋላ ነው።

እስቲ ይህን አንድ አሰልጣኝ ያስረዳኝ። ሻምፒዮኑን በ10 ሰው አቆምን። በ10 ሰው ካለ ቡድን ግን ሦስት ጎል በላን።

ለእኔ መልሱ ቀላል ነው። ሰው ሲጎድልብን ፈራን። ስንፈራ ደግሞ ቦታችንን ያዝን። ሁለቱ መስመሮች ተቀራረቡ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ቀረ። ቡርኪና ሰው ሲጎድልባት ግን ሰርጉ ተጠራ። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሶ ወጣ። በሩንም የቆለፈ የለም።

ዋልያዎቹን ለዓመታት ያየ ሰው ይህን ሥዕል ያውቀዋል። ኳስ ከኋላ ይጀመራል። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች አብረው ይወጣሉ። አማካዮቹ በሙሉ «በእግሬ ስጠኝ» እያሉ ወደ ኳሱ ይጠጋሉ። ቅብብሉ ያምራል፣ አፍ ያስከፍታል። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ላይ አንዱ ይነጠቃል። ከዚያ ከመሃል እስከ በረኛችን ድረስ ጃንሜዳን የሚያህል ባዶ ሜዳ። ሁለት የመሃል ተከላካዮች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሮጣሉ። ከዚያ ወይ ጎል ነው፣ ወይ ፔናሊቲ፣ ወይ ቀይ ካርድ።

ስለዚህ ቅብብሉን አትንኩብኝ። የዋልያዎቹ አሰልጣኝ የነበረው ውበቱ አባተ ከኋላ መስርተን እንጫወት ሲል ብዙ ሰው አላገጠበት። እኔ አላላገጥኩም። የእኛ ልጅ ከሰፈር ጀምሮ ኳስ በእግሩ ነው የሚወደው፣ በዚያው ነው የሚያምርበት። ጠልዘን እንሩጥ ያሉት ወገኖች የሚጠለዘውን ኳስ ማን ገጭቶ እንደሚያወርደው አልነገሩንም። የጎደለን ሌላ ነው። ኳስ ስንይዝ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። በተነጠቅን በሦስተኛው ሰከንድ ማን የት እንደሚቆም ግን አናውቅም።

ለምን አላወቅንም? አንዱ ተጠያቂ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የምወደው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። እንግዳ ቡድን መጥቶ 60 ደቂቃ ከሮጠ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። ኳስ ቢነጥቀንም መልሶ ለማጥቃት ጉልበት የለውም። ቤታችን ክፍት ነበር፣ ሌባው ግን ደክሞታል። ለ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበትን የሱዳኑን ጨዋታ አስታውሱ። ካርቱም ላይ ሦስት አግብተን አምስት በላን። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፍንና ከሜዳ ውጭ ባገባነው ጎል አለፍን። ያን ቀን በደስታ ያለቀስን ሁሉ የካርቱሙን አምስት ጎል እዚያው ረሳነው። እኔም ረስቼዋለሁ።

ደጉ ከፍታም ሁሌ አያድንም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ስትመጣ ከንጋት ጀምሬ ተሰልፌ ካታንጋ ወደሚባለው የስታዲየሙ የተመልካች ስፍራ ገባሁ። በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ አጠገቤ የነበረውን የማላውቀውን ሰው አቅፌ ወደቅኩ። ከዚያ እየመራን ማጥቃታችንን ቀጠልን። ኤሜኒኬ አንድ አገባ። በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ ፔናሊቲ። 2 ለ 1። ከስታዲየም ስንወጣ የሌሎቹ ስፍራዎች ሰው፣ ሚስማር ተራም፣ ከማን አንሼም፣ ጥላ ፎቅም ዝም ብሎ ነበር። ያን ያህል ሰው አብሮ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። እስከ ለገሃር ድረስ በእግራችን ሄድን፣ የሚያወራ አልነበረም።

(በነገራችን ላይ በዚያው ማጣሪያ በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፈን ቦትስዋናን ያሸነፍንበትን ሦስት ነጥብ ፊፋ ወስዶብናል። ቤት መጠበቅ የቢሮም ሥራ ነው። ይሄን እዚህ ላይ ልተወው።)

ሁለተኛው ተጠያቂ ሰፈር ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። በሰፈር ኳስ አጥቂ የሚሆነው የኳሱ ባለቤት ነው። ጎበዙ አማካይ ይሆናል። ያልቻለው ተከላካይ፣ ጨርሶ ያልቻለው በረኛ። ተከላካይነት ቅጣት ነው። ሊጉም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ2013 ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መታየት ስለጀመሩ ሁላችንም ምስክር ነን። አቡበከር ናስር በዚያው ዓመት 29 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ልጁ ድንቅ ነው፣ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስም ዝም ብሎ አልወሰደውም። ግን ጎሎቹን መልሳችሁ ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ከተከላካዮቹ ጀርባ ያ ሁሉ ሜዳ ከየት መጣለት?

ስለ ተጫዋቾች ካነሳሁ አይቀር ሁለት ስም ልጨምር። ሽመልስ በቀለን ብዙ ሰው የሚያደንቀው ለማቀበሉ ነው። እኔ የማደንቀው ለማዘግየቱ ነው። ሁሉም ሲሮጥ እሱ ኳሷን ረግጦ ያቆማል። ግብጽ ሄዶ ለዓመታት መጫወቱ ይህን አስተምሮታል ብዬ አስባለሁ። ጋቶች ፓኖም ደግሞ ቁመት አለው፣ ጉልበት አለው፣ ከተከላካዮቹ ፊት መቆም የሚችል ልጅ ነው። ግን እሱ ኳስ ይዞ ወደ ፊት ሲሄድ እናጨበጭባለን፣ ቦታው ላይ ሲቆም «ደከመው እንዴ?» እንላለን። እኛ ቲፎዞዎችም ልጆቹን ወደ ሰርጉ እየገፋን ነው።

እንችላለን ወይ ለሚለኝ፣ ችለን አይተናል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ ናቸው ያገቡት። «ሳላህ አልነበረም» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አልነበረም። እኔ ግን የዚያን ቀን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ኳስ ስንነጠቅ ቅርብ ያለው ልጅ እዚያው ይጫናል፣ ሌሎቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አጭር ቅብብሉ እንዳለ ነው፣ ቁመታችንም እንዳለ ነው። ከዚያ ጨዋታ አራት ቀን በፊት ግን እዚያው ማላዊ 2 ለ 1 አሸንፋናለች። ችግራችን ዘንድሮ የተማርነውን ለከርሞ አለማቆየታችን ነው።

ለመጪው አሰልጣኝ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች አብረው አይውጡ። አንድ አማካይ ኳስ ቢያምረውም ይቅር። ኮርና ስናገኝ ስንት ሰው ኋላ እንደሚቀር ቀድሞ ይታወቅ። ጥፋት መሥራት ግድ ከሆነም መሃል ሜዳ ላይ ይሠራ፣ ቢጫ እንቀበል። የፔናሊቲ ክልል ጫፍ ላይ አይሁን። ይሄን ለማለት የአሰልጣኝነት ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ጋሼም የላቸውም።

ባለፉት ዓመታት ግን ይህን የምናይበት ቦታም አጣን። የባሕር ዳሩ ስታዲየም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከታገደ ወዲህ ልጆቹ ለዓመታት በሰው አገር «በሜዳቸው» ሲጫወቱ ከረሙ። ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ አስተናገድን። ታንዛኒያን ደግሞ ኪንሻሳ ላይ! ይህን ለውጭ አገር ሰው ብታወሩት ቀልድ ይመስለዋል። እኔና ጋሼ ካፌ ተቀምጠን በቴሌቪዥን እናያለን። ካሜራው ኳሷን ብቻ ነው የሚከተለው። ጋሼ ከወንበራቸው ጎንበስ ይሉና በእጃቸው የስክሪኑን ጠርዝ እያሳዩ «ኋላ ማን ቀርቷል?» ብለው ይጠይቁኛል። አይታይም። ከካታንጋ ላይ ሆነን ቢሆን ይታየን ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የካታንጋው ደንበኛ
አዲስ አበባ