24 ሰዓት የሚሠራ ሲስተም፣ ሁለት ተረኛ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ሲባል የሚቆጣው መስኮት ላይ ያለችውን ሠራተኛ ነው። ሲስተሙን የሚጠብቀው ግን ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሳይሆን ጨረታ ያሸነፈ የግል ድርጅት የመደበው ባለሙያ ነው።

የጨረታ ሰነዱ «በሳምንት 7 ቀን፣ በቀን 24 ሰዓት ድጋፍ» ይላል፤ 168 ሰዓት ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። 168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ነውና አንድ ወንበር ባዶ ሳይሆን እንዲውል እንዲያድር ቢያንስ አራት ሰው ይፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ አምስት። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ድርጅት ግን ሁለት ይመድባል። ለእያንዳንዳቸው 84 ሰዓት ይደርሳቸዋል፤ ከመደበኛው በ36 ይበልጣል። አዋጁ የሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት በሳምንት 12 ነው፤ ያውም በቀን ከ4 ሳያልፍ፣ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ። እንግዲህ ውሉ ገና ሲፈረም አዋጁን የሚያስጥስ ነው። ሰኔ ላይ፣ በጀት ሳይዘጋ ርክክብ ይፈጸም ሲባል ደግሞ ይብሳል።

እንቅልፍ ያጣ ሰው የሙከራውን ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የሰረዘ መስሎት ዋናውን ይሰርዛል። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መወሰዱን ያያል እንጂ መልሶ ጭኖ አይፈትሸውም፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ሰርቨሩ (ሲስተሙ ያለበት ዋና ኮምፒውተር) የወደቀ ዕለት ነው።

ክፍያውን እናስላ። ደመወዙ 20,800 ብር ቢሆንና ለ208 ሰዓት (26 ቀን በ8) ቢካፈል ሰዓቱ 100 ብር ነው። ትርፍ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ 150፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ከሆነ 175፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 200፣ በሕዝብ በዓል 250 ብር ይከፈላል። ይህን ላለመክፈል የተለመደው ዘዴ ባለሙያውን «ማናጀር» ብሎ መሾም ነው፤ አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትምና። ነገር ግን ሰው የማይቀጥር፣ የማያሰናብት፣ ፖሊሲ የማያወጣ፣ ከሰርቨር በቀር የሚያዘው የሌለው ሰው በምን ሒሳብ የሥራ መሪ ይሆናል?

ትርፍ ሰዓት የመሠራቱ ማስረጃ ሎግ (ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ ሰርቨሩ የሚይዘው መዝገብ) ውስጥ ነው። ብዙ ሰርቨር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚቆጥር 3 ሰዓት ይደመር፦ 22:40 የሚለው መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7:40 ነው፣ ቀኑም ተለውጧል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ) ስለሚታገድ ሎጉን ከተረኞች ሠንጠረዥ ጋር አያይዞ ቀደም ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል።

ገዢው መሥሪያ ቤትም በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ለሌሊት ፈረቃ የራሱ መስመር ያስገባ፤ የተረኞችን ስምና ሰዓት ከጨረታው ሰነድ ጋር ይጠይቅ። አራት ስም የማያቀርብ ተጫራች «24 ሰዓት» ብሎ እንዲፈርም አይፈቀድለት።

በመንግሥት ፕሮጀክቶች ላይ የምንሠራ የአይቲ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ