ከስትሮክ በኋላ ቤት ውስጥ የሚደረገው እርዳታ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የዓለም የስትሮክ ቀን ሲደርስ ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨው ብዙ ይጻፋል። ተገቢ ነው። ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ እንዴት ይብላ፣ እንዴት ይልበስ፣ እንዴት ሽንት ቤት ይሂድ ለሚለው ግን ቤተሰቡን የሚያስተምር የለም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በፍቅር ይሠሩለታል፤ ሳያውቁትም ይጎዱታል።

ከትከሻው ልጀምር። የትከሻ መጋጠሚያን በቦታው የሚይዙት በአብዛኛው በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ስትሮክ የሰውነትን አንድ ጎን ሲያሰልል እነሱ ይዝላሉ፤ ያን ጊዜ የክንዱ ክብደት ራሱ መጋጠሚያውን ወደ ታች ይጎትተዋል። በዚህ ላይ ሰው ብብቱ ሥር ገብቶ ወይም የሰለለውን እጁን ስቦ ሲያስነሳው መጋጠሚያው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሕመሙ ለወራት ላይለቀው ይችላል። ከእጁ ይልቅ ወገቡ ላይ ሰፋ ያለ መቀነት አጥብቆ አስሮ መቀነቱን መያዝ ይሻላል። ሲነሳ መቀመጫውን ወደ ወንበሩ ጫፍ ያምጣ፣ እግሮቹን ትንሽ ወደ ኋላ ይሳብ፣ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪሆን ጎንበስ ይበል፣ ከዚያ ይነሳ። ከዱካ ወይም ከዝቅተኛ ሶፋ ላይ እንዲህ መነሳት ይከብዳል፤ ወንበሩ ቢያንስ የጉልበቱን ቁመት ያህል ይሁን። ሲቀመጥም ክንዱ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ትራስ ይግባለት።

ልብስ ሲለብስ የተጎዳው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ይወጣል። እጅጌው ከክርኑ በላይ ሳይደርስ አንገቱን ለማስገባት መታገል ልብሱን ማጠላለፍ ብቻ ነው።

ማዕዱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስትሮክ መዋጥን ሊያውክ ስለሚችል ለተጋደመ ሰው የሚሰጥ ትልቅ ጉርሻ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይቅረብ። ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ። ሲበላ ወይም ውኃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ፣ ወይም ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውኃ እንደያዘ ጉሮሮ ከሆነ፣ መመገቡ ቆሞ ባለሙያ ይየው።

መዋጥ የሚችለው ደግሞ በራሱ እጅ ይብላ። ቀኝ እጁ የሰለለ ሰው በግራው መብላት ያሳፍረዋል፤ እንግዳ ሲመጣ አልራበኝም ይላል። ቤተሰቡ ግራ እጁን አስታጥቦ፣ እንጀራውን አስቀድሞ ቆራርጦ፣ ወጡን ወፈር አድርጎ ቢያቀርብለት ያ ሰው ከማዕዱ አይርቅም። ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

አንድ ነገር በጣም ይታለፋል። በተለይ የአንጎሉ ቀኝ ክፍል የተጎዳ ሰው፣ ዓይኑ ደህና ሆኖም ግራ ጎኑን ልብ ላይል ይችላል። ከትሪው የቀኙን ግማሽ በልቶ፣ በግራ በኩል ያለው ሽሮ ሳይነካ እጁን ይሰበስባል። ጠገበ ተብሎ ትሪው ይነሳል፤ እሱም ሳይጠግብ ይተኛል። ከማንሳት በፊት ትሪውን ግማሽ ዙር አዙሩት። እንደገና መብላት ከጀመረ ችግሩ የምግብ ፍላጎት ማጣት አልነበረም። ያን ጊዜ በግራው ጠርዝ ደማቅ ቀይ ጨርቅ አኑሮ፣ ዓይኑ ጨርቁን እስኪያገኝ ድረስ እንዲፈልግ ማለማመድ ይቻላል። የከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና ግን ከዚያ ጎን ይራቁ።

ለሽንት ቤቱ መቀመጫው መሃሉ ላይ ቀዳዳ የወጣለት ጠንካራ የእንጨት ወንበርና በደህናው እጅ በኩል ግድግዳ ላይ የተበየደ ወይም የተመታ የብረት መያዣ የሰፈር አናጢና በያጅ ሊሠሩት ይችላሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአገራችን ማስተማር መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው። ባለሙያዎቹ በየሆስፒታሉ እስኪዳረሱ ግን ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች ታማሚው ከመውጣቱ በፊት አስታማሚውን ለግማሽ ሰዓት አልጋው አጠገብ ያለማምዱት፦ አንዴ ያሳዩት፣ አንዴ እነሱ እያዩት ራሱ ይሥራው። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቱ ዝርዝር ሥር የሚጻፍ አንድ መስመርም ይጨመር፤ «አስታማሚው ማስነሳትና መመገብ ተለማምዷል» የሚል።

ከአንድ የተሐድሶ ሕክምና ባለሙያ
አዲስ አበባ