የቆመ ሞተር ሳይክል ከመፈታቱ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር እዚሁ ጅማ፣ ከሂርማታ ገበያ አጠገብ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ቆራሌው በእጅ ጋሪው ላይ ከተጣመመ ቆርቆሮና ከተሰባበረ የብረት አልጋ ጋር የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሞተር ጭኖ ሲገፋ አገኘሁትና አስቁሜ ተመለከትኩ። ሁለት ሲሊንደር ያለው የጃዋ ሞተር ነበር። ካርቡሬተሩ ከነቦታው አለ፣ ቴስታታዎቹም (የሲሊንደሮቹ ክዳኖች) አልተሰነጠቁም፤ ነገር ግን የሞተሩ ቤት ግራና ቀኙ በሚገጥምበት መስመር ላይ የካቻቢቴ አፍ እየገባ የቦረቦረው ስድስት ቦታ ቆጠርኩ። ቆራሌው እንደነገረኝ ባለቤቶቹ ጋራዥ ወስደውት አይሠራም ስለተባሉ በኪሎ አስመዝነው ሸጠውለታል። የከፈለበትን ከነትርፉ ሰጥቼ ሞተሩን ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

እኔ በሙያዬ መካኒክ አይደለሁም፤ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ሆኖም ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የአባቴን ሞተር ሳይክል በቤቴ ጓሮ ፈትቼ መልሼ ስለገጠምኩና ዛሬም ስለምነዳው፣ ከዚያም ወዲህ የጎረቤትና የወዳጅ ሦስት አራት ሞተር ሳይክሎችን ስላየሁ፣ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ለመናገር እደፍራለሁ። እነዚያ ያየኋቸው ሁሉ ሞቱ የተባሉት በእርጅና ምክንያት አልነበረም፤ ሊያድናቸው በተነሣ ሰው እጅ፣ በተፈቱባቸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው የተበላሹት።

አባቴ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ሞተር ሳይክሉን በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገዝተው፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ራሳቸው እየነዱ ጅማ አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመት ያህል የቡና ናሙና ከኋላ አስረው አጋሮና ሊሙ፣ ሰቃም ድረስ ይመላለሱበት ነበር። ሰፈሩ ድምፁን ከሩቅ ስለሚለይ «ዶቅዶቄው መጣ» ይባል እንደነበር አስታውሳለሁ። ጃዋ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ሲሆን፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1929 ሥራውን ከጀመረው ከያኔቼክና እርሱ የሞተር ሳይክል ክፍሉን ከገዛው ከቫንደረር ኩባንያ ስሞች መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። የአባቴ ጃዋ ባለ 350 ሲሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሁለት ሲሊንደር፣ በሁለት ምት የሚሠራ፣ ኤሌክትሪኩ ባለ 6 ቮልት። ከሌሎች የሚለየው አንድ ነገር አለው። በግራ እግር የሚረገጠው የማርሽ መቀየሪያ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ሽቅብ ሲመለስ፣ ያው እጀታ የማስነሻ መርገጫ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ወጣት መርገጫው ተሰብሮ የወደቀ መስሎት ሞተር ሳይክሉን በገመድ ሲያስጎትት አይቻለሁ።

አባቴ በ1985 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞተር ሳይክሉ ጓሮ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመ፤ የጅማ ዝናብና እርጥበት 28 ዓመት ሙሉ በላዩ ላይ ተፈራረቀበት። ላድሰው ስነሣ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ ጋራዥ ነው። ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፤ ልጆቹ ታታሪዎች ናቸው፣ ያደረጉትም በቅን ልቦና ነው። ዝገቱን ላጽዳ ብሎ የተነሣው ወጣት ግራይንደሩን ይዞ የሻሲውን አንገት ሲልግ፣ እዚያው ላይ የተቀረጸውን የሻሲ ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አኃዞች አብሮ አጠፋቸው። የሻሲና የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ተመዝግበው የሚገኙ ስለሆኑ፣ ብረቱ ላይ ያለው ከወረቀቱ ጋር ካልተመሳከረ ንብረቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። የአባቴ አሮጌ ሊብሬና ሞተር ሳይክሉን ከመስጠቴ በፊት ያነሣሁት አንድ ፎቶግራፍ ባይኖሩ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እንደዚያም ሆኖ አሥራ አንድ ወር ተመላልሻለሁ። ስለዚህ የቆመ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት በሻሲው አንገትና በሞተሩ ቤት ላይ ያሉትን ቁጥሮች በጨርቅና በነጭ ጋዝ ብቻ አብሶ፣ በደንብ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በላያቸው ላይ ፕላስተር እንዲለጥፍባቸው አጥብቄ እለምናለሁ።

ሞተር ሳይክሉን ከዚያ ጋራዥ ወደ ቤት መልሼ ሥራውን በራሴ ስጀምር ያገዙኝ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ለረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ሲመጡ ፒስተኖቹ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቀው እኔ መዶሻና እንጨት ይዤ አገኙኝ። «ልጄ፣ እሱን አስቀምጠው፤ ዘይቱ ይሥራ» አሉኝ። ካንዴላዎቹን ፈትተው በቀዳዳዎቹ ነጭ ጋዝና የማርሽ ዘይት እኩል ደባልቀው ሞሉበት፤ በየቀኑ እየጨመርኩ እንድጠብቅ አዘውኝም ሄዱ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የኋላውን ጎማ በማርሽ አስገብቼ በእጄ ስወዘውዘው አንድ ጣት ያህል ተንቀሳቀሰ። በመዶሻ ብመታው ኖሮ የፒስተኑ ራስ ይበሳ፣ ፒስተኑን የከበቡት ፋሻዎችም በሲሊንደሩ መተላለፊያ ቀዳዳዎች ላይ ይሰበሩ ነበር። ዘጠኝ ቀን መጠበቅ ምንም አላስወጣኝም።

የሞተሩን ቤት ስለመክፈት ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ይኖርብኛል፤ የቆራሌው ሞተርም ያበቃለት እዚህ ላይ ነውና። በአራት ምት ሞተር የታችኛው ቤት በአብዛኛው የዘይት ማደሪያ ሲሆን፣ በሁለት ምት ሞተር ግን ከዚያ የበለጠ ሥራ አለው። ፒስተኑ ሲወጣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ወደ ታች ቤት ይስባል፤ ሲወርድ ደግሞ ጨምቆ ወደ ላይ ይልከዋል። በዚህ ምክንያት ቤቱ እንደ ፓምፕ አየር የማያስገባ መሆን አለበት። የሁለቱ ወገን ገጽ በካቻቢቴ ከተቦረቦረ፣ ወይም የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ፓራዮሊ፣ ማለትም የጎማ መደፈኛው፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ከካርቡሬተሩ ያልመጣ አየር በስርቆሽ ይገባና ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል። ከዚያ በኋላ ካርቡሬተር ይለወጣል፣ ካንዴላ ይለወጣል፣ ቦቢና ይለወጣል፤ ሞተሩ ግን ሦስት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይቆማል። «አይሠራም» የሚባለው ያኔ ነው።

ቤቱ አልከፈት ሲል ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሳይፈታ የቀረ፣ በቆሻሻ የተሸፈነ አንድ ብሎን ነው፤ እኔም የመጨረሻውን ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ሁሉም ብሎን መፈታቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቤቱን በመጠኑ አሙቆ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መኮርኮም ይበቃል። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ መፈተሻው ቀላል ነው። የመግቢያውንና የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቀዳዳዎች በጎማ ደፍኖ በእጅ መንፊያ ጥቂት አየር መስጠትና፣ ጉሚስታ ካላማዳሪያ እንደሚፈትሸው ሁሉ፣ የሳሙና አረፋ ዙሪያውን መቀባት ነው። አረፋው በተነፋበት ቦታ አየር ይሾልካል። ይህን ፈተና የሚያደርግ ጋራዥ በከተማችን እስካሁን አላየሁም፤ የሚያደርግ ካለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ኩሽኔታዎቹን (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ቀለበቶች) ያስገባሁት በባለቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚለጠጥ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬ በእጄ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጫፉ ተሰንጥቆ እንጀራ መጋገር የተወችበትን ምጣድ በፈቃዷ ወሰድኩ፤ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች ከማታው ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ አሳደርኩ። ከዘይት በደንብ የጸዳውን የሞተር ቤት ምጣዱ ላይ በአፉ ደፍቼ በዝግታ አሞቅኩት፤ ጠብ ያደረግሁበት ውሃ ቸስ ብሎ ሲደርቅ አነሣሁትና ቀዝቃዛውን ኩሽኔታ አፉ ላይ አስቀመጥኩ። አንዲት ጊዜ «ጠቅ» አለና በራሱ ክብደት ወርዶ ተቀመጠ። ተቃራኒው አሠራር፣ ማለትም ቀዝቃዛውን ቤት በመዶሻ እየመቱ ማስገባት፣ የኩሽኔታውን መቀመጫ ያሰፋዋል፤ አንዴ ከሰፋ ደግሞ ያለ ብየዳና ያለ ቶርኖ አይመለስም።

የቤንዚን ታንኩን በተመለከተ በአጭሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ባዶ የሚመስል ታንክ ውስጥ የቀረ የቤንዚን ትነት በእሳት ይፈነዳልና ማንም ሰው ታንክ በቤቱ እንዳይበይድ። ዝገቱ ግን ያለ እሳት ይወጣል፤ እኔ ኮምጣጤ ሞልቼ ሁለት ቀን ካቆየሁት በኋላ ጥቂት ጠጠር ጨምሬ ነቀነቅሁት፣ በቢካርቦኔት ውሃ አጠብኩት፣ ወዲያውም አድርቄ በዘይት አራስኩት።

ካርቡሬተሩ ላይ የገጠመኝ ችግር ከከተማችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ አገር የተለካ ዋና የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። የእኔ ካንዴላ ካርቡሬተሩ በሁለት ቁጥር ያነሰ ቀዳዳ ከገባለት በኋላ ከጥቁርነት ወጥቶ ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና መልክ ያዘ፤ ትክክለኛው ቀለም ያ ነው። የፑንቲናውን (እየተከፈተ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሣው መገናኛ) ክፍተት በ0.4 ሚሊ ሜትር አስተካከልኩ፤ ለእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሁለት ምት ዘይት በመለኪያ እጨምራለሁ። ሁለት ምት ሞተር ያጨሳል የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ይሁንና በየመንገዱ የምናየው ጭስ የሚበዛው ዘይት በግምት ስለሚጨመር እንደሆነ በራሴ ሞተር አረጋግጫለሁ።

ክቡር አዘጋጅ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር በልዩ ሁኔታ ያሳስበኛል። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችን ከጣሊያንኛ መጥተው የእኛ ሆነዋል፤ ሥራውም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው በእነርሱ ነው። አሁን በከተማችን የሚበዙት ባጃጆችና አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ፑንቲና የላቸውም፤ በዚህም ምክንያት ፑንቲና ማስተካከል የሚችሉት መካኒኮች አርጅተዋል፣ ወጣቶቹም የሚማሩበት ምክንያት አላገኙም። ጋሼ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንኳ የፑንቲናውን መከፈት በሲጋራ ወረቀት ያውቁታል፤ ወረቀቱን መሐሉ አስገብተው ሞተሩን በዝግታ እያዞሩ፣ ወረቀቱ ልቅ ያለባትን ነጥብ ይይዛሉ። ይህን ከእርሳቸው የተማርነው እኔና የእኅቴ ልጅ ብቻ ነን። በከተማችን የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ መምህራን እንደ እርሳቸው ያሉ አዛውንቶችን ለጥቂት ቀናት እንኳ በእንግድነት ጋብዘው በተማሪዎች ፊት ቢያሠሯቸው ወጪው የአንድ ሰው የትራንስፖርትና የምሳ ነው። ጋዜጣችሁም በየከተማው ያሉትን እነዚህን ሰዎች እየፈለገ እውቀታቸውን በገጾቹ ቢያቆይልን ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ስለ ቀለም የብዙ ሰው ምክር «ከሥር ልጠህ አዲስ አስመስለው» የሚል ነበር። አልተቀበልኩትም። በኋላው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ላይ አባቴ የናሙናውን ከረጢት ያስሩበት የነበረው ገመድ ጥቁር ቀዩን ቀለም ፈግፍጎ፣ ብረቱን ጭምር አለስልሶ፣ የትንሽ ጣት ስፋት ያላት መስመር ሠርቷል። ዝገት የበላቸውን ቦታዎች ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ተመሳሳይ ቀለም ቀባሁ፤ ያችን መስመር ግን እንዳትዝግ ቫርኒሽ ብቻ ቀብቼ ተውኳት። የለወጥኳቸውን አሮጌ ዕቃዎችም ሁሉ፣ ያረጁትን ፋሻዎች ሳይቀር፣ በቲማቲም ጣሳዎች ከፋፍዬ የወጡበትን ቦታና ቀን ጽፌባቸው አስቀምጫለሁ፤ አዲስ ዕቃ በገበያ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ልኬት የሚወስደው ከአሮጌው ነውና።

ከቆራሌው ጋሪ ያወረድኩት ሞተር አሁን በጠረጴዛዬ ላይ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ዘይት ሞልቼበታለሁ፤ ትናንት አምስተኛ ቀኑ ነበር፣ ገና አልተንቀሳቀሰም። የተቦረቦረው መስመር በአሉሚኒየም ብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ ቤት ቢስተካከል ይድናል ብዬ አምናለሁ። በቤቱ ላይ ያለው ቁጥር ከነአኃዞቹ በሙሉ ይነበባል። ባለቤቶቹ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሻሲውና ሊብሬው አሁንም እጃቸው ላይ ካለ፣ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክረው በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በኩል ያሳውቁኝ፤ ያለ ምንም ክፍያ እመልስላቸዋለሁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነም አብረን እንገጥመዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ መምህርና የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከጅማ