የዝዋይ ወይን ከጥብስ ጋር

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ተጠፋፍተን ቆየን። ዘንድሮ ለገና ትመጣለህ ሲሉ ሰማሁና ደስታዬ ወሰን አጣ። ሻንጣህን ሳትሸክፍ ልድረስብህ ብዬም ቶሎ ብዕር አነሳሁ። ወይን ይዘህ እንዳትመጣ! እዚሁ ጥሩ ወይን አለን።

ሪፍት ቫሊ ሲራህ ይባላል፤ ሲራህ ከሚባል ጥቁር የወይን ፍሬ የሚጠመቅ ቀይ ወይን ነው። የሚመረተው ዝዋይ ነው፣ አሁን ባቱ የምንላት ከተማ። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እዚያ ወይን ተክሎ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አንተ ያኔ ከአገር ወጥተህ ነበርና የቀመስከው አይመስለኝም።

አካባቢውን መቼም አትረሳውም። መቂን እንዳለፍክ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። እርሻው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቀን ፀሐዩ ቢበረታም ማታ ይበርዳል። ፍሬው ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ኮምጠጥ የሚለው ጣዕሙን የማያጣው በዚህ ብርድ ነው። አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ውኃ አይቋጥርም። ዙሪያውን ደግሞ ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ጅብና ጉማሬ እንዳይገባ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የወይኑ ቅርንጫፍ አገራረዝ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ብርዱ ሲጠና የወይን ተክል ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዝዋይ ላይ እንዲህ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ታዲያ መቼ እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚያቆጠቁጥ የሚወስንለት ሰው ነው፣ በመቀስና በመስኖ።

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ። ሲራህን ብርጭቆ ውስጥ ቀድተህ ትንሽ አዙረውና አሽትተው። መጀመሪያ የበሰለ ጥቁር ፍሬ ይሸትሃል፣ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬ። የምሬን ነው! ሮተንዶን የሚባለው ንጥረ ነገር በሲራህ ፍሬ ቆዳም በቁንዶ በርበሬም ውስጥ አለ።

ብዙ ሰው በዓል ሲደርስ ቀይ ወይን የሚከፍተው ለዶሮ ወጥ ነው። እኔ ግን አይዋጥልኝም። አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ታኒኑ፣ ያ አፍን ጭምድድ የሚያደርገው ነገር፣ ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ ይመራል። የፍሬው ጣዕም ድራሹ ይጠፋል። ለዶሮ ወጥ ጠጅ ይሻላል፤ ጣፋጭነቱ ማቃጠሉን ያበርደዋል።

ሲራህ የሚያምርበት ጥብስ ላይ ነው። የበግ ጥብስ፣ ስብ ያለው፣ ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን የበሰለ፣ የጥብስ ቅጠል ጣል የተደረገበት። ስጋው ታኒኑን ይይዘውና ወይኑ አፍ ላይ ይለሰልሳል። የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ደግሞ ከሲራህ ጋር ልክክ ይላል። እንጀራውም ያግዛል። ኮምጣጣ ነገር ከበላህ በኋላ ወይን ስትጎነጭ፣ ወይኑ ከቅድሙ ይልቅ ለስለስ ያለ ይመስልሃል። አዋዜውን ግን ራቅ አድርገው።

ክትፎም ይሄዳል፣ ሚጥሚጣው ከቀነሰ። ቅቤውና አይቡ በቂ ናቸው። ዓሣ ጋር አታስጠጋው፤ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። ለዓሣ እዚያው ዝዋይ የሚመረተው ነጩ ቻርዶኔ አለልህ።

ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚሉህን አትስማ። ቤቱ ሞቅ ካለ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆየው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ አፍንጫህን ይመታሃል።

ጾሙ ሲፈታ በጉን እኔ እችላለሁ። ጥብሱን የምትጠብሰው አንተ ነህ፤ እጅህን አውቀዋለሁ። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ዝዋይ ወርደን ዓሣውን ከነቻርዶኔው እንሞክራለን። የምትገባበትን ቀንና ሰዓት ቶሎ ጻፍልኝ፣ አየር ማረፊያ መጥቼ እቀበልሃለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ