የአዳማው የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ለቆራሌ አይሸጥ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በአንባብያን አስተያየት ዓምዳችሁ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ በከተማችን በአዳማ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ለመሥራት ተነሥቶ ሥራውን ያቆመውን አነስተኛ የወጣቶች ድርጅት የቅንጦት ምኞት ያሳበደው አድርጎ ወርፎታል። እኔ በዚሁ ከተማ በኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ። በድርጅቱ ውስጥ ድርሻም ሆነ የገንዘብ ጥቅም የለኝም፤ ነገር ግን ልጆቹ ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሡ እንድመለከትላቸው ጠርተውኝ ስለነበር፣ ከዚያም በኋላ ሥራቸውን በቅርብ ስከታተል ስለቆየሁ፣ ጉዳዩ በዚያ ወቀሳ ተዘግቶ እንዲቀር ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

በመጀመሪያ ስፖርት መኪና መምረጣቸው ራሱ ጥፋት ተደርጎ መቅረቡ ትክክል አይመስለኝም። ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አሽከርካሪ ባትሪውን የሚጨርስበት ዳገቱ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ከነተሳፋሪዎቹ አንድ ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ለማውጣት የሚጠይቀው ኃይል 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ያው መኪና ያንኑ 80 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አየሩን ለመግፋት ብቻ የዚህን ሦስት እጥፍ ያህል ይፈጃል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህ ዝቅ ያለች፣ ጠበብ ያለችና ክብደቷ የቀለለ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና አነስተኛ ባትሪ ይበቃታል፤ ከኤሌክትሪክ መኪና ክፍሎች ሁሉ ውዱ ደግሞ ባትሪው ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚህ ቅርጽ ቢነሣ ሒሳብ አውቆ እንጂ ጌጥ አምሮት ነው ለማለት ይከብዳል።

በዓለም ላይም መንገዱን ከዚሁ የጀመሩ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ቴስላ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያ መኪና ሮድስተር የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ሲሆን፣ የተነሣውም ሎተስ ኢሊስ ከተባለችው ቀላል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነበር። ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮው የሞተሩን ጉልበት መሸከም አቅቶት በባለ አንድ ማርሽ እስኪተካ ድረስ ብዙ ችግር አይቷል፤ መኪናው በ2008 ለገዢዎች መድረስ ከጀመረ በኋላም ቢሆን ድርጅቱን ከውድቀት አፋፍ የመለሰው የሌሎች ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመኑ ዳይምለር 50 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰበት፤ በ2010 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት 465 ሚሊዮን ዶላር አበደረው። በሌላ በኩል በእንግሊዝ ሀገር የቤት ውስጥ ዕቃዎች በማምረት የከበረው ዳይሰን፣ በኤሌክትሪክ መኪና ሥራ ላይ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ካወጣ በኋላ አዋጭ ሆኖ አላገኘሁትም ብሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሥራውን ሰርዟል። ዳይሰንን ግን ዕብድ ያለው ሰው አልሰማሁም።

የእኛ ልጆች ሥራ ለምን ቆመ? በወንጂ መውጫ በተከራዩት መጋዘን ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ሻንሲውን (የመኪናውን አጽም) በብረት ቱቦ ራሳቸው በየዱት፤ ቦዲውን በፋይበር ግላስ አወጡት፤ ሞተሩን፣ ኃይሉን ለጎማዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ አንድ አባት በቶርኖ ቀረጹላቸው። ያ ዘንግ እስከ መጨረሻው ድረስ ምንም ዓይነት ንዝረት አላሳየም። ችግሩ የመጣው ከባትሪው ነው። አዲስ ሴል (ባትሪው የሚገነባበትን ትንሹን ክፍል) መግዛት ከአቅማቸው በላይ ስለነበር፣ ከተለያዩ አሮጌ ባትሪዎች የወጡ የሊቲየም ሴሎችን ሰብስበው በ96 ቡድኖች ከፈሏቸውና አንዱን ቡድን ከሌላው ጋር በተከታታይ አያያዙት። መኪናው ቆሞ ሲለካ ሁሉም ቡድኖች 3.7 ቮልት አካባቢ ያሳያሉ፤ የሚታማ አንድም የለም። ነጂው ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ሲረግጠው ግን ከመካከላቸው አንዱ በቅጽበት ወደ 2.8 ቮልት ይወርዳል፤ ይህን ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ባትሪውን ለመጠበቅ ሲል ኃይሉን ይቆርጣል፤ መኪናው ባለበት ይቆማል። ያንን ቡድን ቀይረው ሲሞክሩ ደግሞ ሌላው ይወርዳል። ክዳኑን ሲከፍቱት ደካማውን ቡድን የሚያያዘው የመዳብ ማገናኛ በሙቀት ብዛት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለውጦ፣ የተጠቀለለበት ፕላስቲክም ተኮማትሮ አየሁት።

ይህ የሆነበት ምክንያት ለሙያው ሰው ግልጽ ነው። ሴል ሲያረጅ ከረንትን የሚያግደው የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ በዚያ ተቃውሞ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የከረንቱን እጥፍ ሳይሆን ካሬውን ተከትሎ ያድጋል። በእርጋታ ለሚነዳ መኪና ዓመታት ሊያገለግል የሚችል አሮጌ ሴል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከረንት ሲጠየቅ፣ ያውም በአዳማ የቀትር ሙቀት፣ አይችልም። በተከታታይ በተያያዘ ባትሪ ውስጥ ደግሞ የመላው ባትሪ አቅም በደካማው ቡድን አቅም ይወሰናል። ወጣቶቹን ልወቅስ ካልኩ የምወቅሳቸው እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጹን በትክክል መርጠው ሳለ፣ ባትሪውን በጭነት፣ ማለትም ብዙ ከረንት እየሳቡበት፣ ሳይፈትኑ መኪናውን ቀለም ቀብተው ባዛር ላይ አቆሙት፤ በስንት ሴኮንድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚደርስም በትልቅ ጽሑፍ አስነገሩ። የሕዝቡ ተስፋም፣ በኋላ የመጣው ፌዝም ከዚያ ጽሑፍ ጀመረ።

ለአዲስ ሴሎች ገንዘብ ማሰባሰብ ችለው ነበር። ከውጭ ያስመጡት ፕሮፎርማ በእጃቸው እያለ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የማሻሻያውን አስፈላጊነት የመገምገም ዕውቀቱ የለኝም፤ ሆኖም በብር ቆጥቦ በዶላር ለሚገዛ ትንሽ ድርጅት ያ ለውጥ የሴሎቹን ግማሽ እንደመቀማት ነበር።

ሦስተኛው እንቅፋት ደግሞ ገንዘብ እንኳ ቢገኝ የማይነቀል ነበር። መኪናዋ ከግቢ ወጥታ በአስፋልት ላይ እንድትፈተን ሰሌዳ ያስፈልጋታል፤ ለሰሌዳ ሊብሬ፣ ለሊብሬ ደግሞ መኪና ከውጭ ሲገባ በጉምሩክ የሚሰጠውን ዲክላራሲዮን ተጠየቁ። አዳማ ውስጥ የተበየደ ሻንሲ ከየትም አልገባምና ምን ዲክላራሲዮን ይኖረዋል? የሄዱበት ቢሮ ሠራተኞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከፊታቸው ባለው ቅጽ ላይ እንዲህ ላለው መኪና የሚሆን ቦታ አላገኙም እንጂ። የቀረጡም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። መንግሥት ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል በተገጣጠሙት ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ጥሎ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው የሚገቡትን ነጻ ማድረጉ የሚመሰገን ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የታሰበው አንድን የታወቀ ሞዴል በሙሉ ኪት (በተሟላ የክፍሎች ስብስብ) ለሚያስመጣ ገጣጣሚ በመሆኑ፣ ሞተሩን ከአንድ፣ ሴሉን ከሌላ ሻጭ የሚገዛ ሰው የት እንደሚመደብ በቀላሉ አይታይም ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልጆቹን ለማስመስገን አይደለም። መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ነገር ምን እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ ምክንያት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአዳማ ጎዳናዎች ላይ በየዕለቱ እየበዙ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ማርጀቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ መላውን ባትሪ ጥሎ መኪናውን ያህል ዋጋ ሊከፍል ነው ወይስ ባትሪውን ከፍቶ የደከመውን ቡድን ለይቶ የሚቀይርለት ባለሙያ ሊያገኝ ነው? እኔ ሞተር የምጠግን ሰው ስሆን፣ 350 ቮልት የያዘ ባትሪ ግን በድፍረት አልከፍትም፤ የማውቃቸው የጋራዥ ባለሙያዎችም አብዛኞቹ እንደኔው ናቸው። እነዚህ ወጣቶች ግን ከፍተዋል፣ ለክተዋል፣ ጽፈዋል። በደብተራቸው ላይ የእያንዳንዱ ቡድን ቮልቴጅ ያለ ጭነትና በጭነት፣ የጠዋትና የቀትር ሙቀቱ፣ የተቀየረበት ቀንና ምክንያቱ በተራ ተመዝግቧል። ያልተሳካችው መኪና ያተረፈችው ይህንን ነው፤ በእኔ ግምት ከመኪናዋ ይበልጣል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ምሳሌ ከምሥራቅ አፍሪካ ልጥቀስ። በኡጋንዳ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን እ.ኤ.አ. በ2011 ኪራ ኢቪ የተባለች ባለ ሁለት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርተው ለሕዝብ አሳይተው ነበር። ያቺ መኪና ለገበያ አልደረሰችም፤ ሥራው ግን አልተበተነም። በመንግሥት ድጋፍ ኪራ ሞተርስ ወደተባለ ድርጅት አድጎ እ.ኤ.አ. በ2016 ካዮላ የተባለውን በፀሐይ ኃይል የሚታገዝ አውቶቡስ አሳየ። የመጀመሪያዋን መኪና ለብረት ሽያጭ አውጥተዋት ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ ላይ የሚደርሱ አይመስለኝም።

አሁን በእኛ ዘንድ የተፈራው ይኸው ሽያጭ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ቤቱን ይፈልጉታል፤ ልጆቹም ያለባቸውን የኪራይ ዕዳ ለመክፈል ሻንሲውንና መዳቡን በኪሎ ሊሸጡ ከቆራሌ ነጋዴ ጋር እየተነጋገሩ ነው። ዋጋው ዕዳውን እንኳ አይሸፍንም። ከዚህም ሌላ የሊቲየም ሴል በመዶሻ ወይም በመጋዝ ሲነካ ሊቀጣጠልና በውኃ በቀላሉ የማይጠፋ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፣ ሴሎቹ ምንነታቸውን በማያውቅ ሰው እጅ ገብተው በመኖሪያ ሰፈር መካከል እንዳይፈለጡ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገኖች ነው። በከተማችን ያለው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ሻንሲውን፣ ሞተሩን፣ ኮንትሮለሩንና ሴሎቹን ለተማሪዎች መለማመጃ እንዲረከቧቸው እጠይቃለሁ፤ ተማሪ የሚማረው ከሚሠራ ባትሪ ብቻ አይደለም፣ ከደከመውም ጭምር ነው። የትራንስፖርት አስተዳደር አካላት ደግሞ በሀገር ውስጥ ለተሠራ የሙከራ ተሽከርካሪ በተወሰነ መንገድና ሰዓት የሚያገለግል ጊዜያዊ ሰሌዳ የሚሰጥበትን አሠራር እንዲያጤኑ፣ ለዚህም ፍሬኑ፣ መሪውና የኤሌክትሪክ ደኅንነቱ የሚፈተሽበትን መስፈርት አስቀድመው እንዲያሳውቁ አሳስባለሁ።

ልጆቹ ደብተሩንና የሻንሲውን ሥዕል ያለ ምንም ክፍያ ለማስረከብ፣ ተቀባይ ከተገኘም ሴሎቹ በጥንቃቄ እንዴት እንደሚፈቱ ራሳቸው መጥተው ለማሳየት ፈቃደኞች መሆናቸውን ነግረውኛል። ከመጋዘኑ የሚወጡት በያዝነው ወር መጨረሻ ስለሆነ፣ ፍላጎት ያለው ተቋም ከዚያ በፊት በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢጠይቅ አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዳማ