ከጾሙ የተረፈው ገንዘብ የት ገባ?

ለአዘጋጁ፦

የኑሮ ውድነት የምእመናንን መረዳዳት አቀዝቅዞታል የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤ አልተስማማሁም። የመቄዶንያ ክርስቲያኖች ለኢየሩሳሌም ድሆች ያዋጡት ራሳቸው ተቸግረው ሳለ ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ከአቅማቸው በላይ፣ ያውም ለምነው እንደሰጡ ይናገራል።

የእኛ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋውና ቅቤው ከቤት ይወጣል፤ ገንዘቡስ? በጾም ኬክና በጾም በርገር ያልቃል። (ዋጋው ከፍስኩ አንሶ አይቼ አላውቅም!) አባቶች ጾምን ከምጽዋት ጋር ያስተማሩት ግን የተረፈው ለተራበ እንዲደርስ ነው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን የሚያስተዳድሩት ጉባኤዎች) ከዘወረደ፣ ማለትም ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ለብቻው መዝገብ ይክፈቱ። ምእመኑ ከሥጋና ከወተት ያተረፈውን በየሳምንቱ ያስገባ። ገንዘቡ የቤት ኪራይ ላቃታቸው የአጥቢያው ሰዎች ይዋል። ሂሳቡም ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ምእመኑ ለስብከት በሚሰበሰብበት በዐውደ ምሕረት ይነበብ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ