ያንን ወረቀት እንደ ተራ ቲኬት እንዳታይው

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ያንቺን ነገር የሰማሁት ከታናሽሽ ነው፤ ነገረችብኝ ብለሽ እንዳትቆጫት። ከሱቅ ስትወጪ ከጋሪው ሥር የቀረ ዕቃ ሳትከፍይበት ተገኝተሽ፣ ፍርድ ቤት የሚጠራሽ ወረቀት እንደተሰጠሽ ነገረችኝ። «ትንሽ ነገር ነው፣ ሄጄ ከፍዬ እገላገላለሁ» ማለትሽን ስሰማ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

የጠፋሁብሽን ምክንያት አሁን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታገደ መንጃ ፈቃድ ስነዳ ተያዝኩ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ነበረብኝ፤ ቤት ቀይሬ ስለነበር የእገዳው ደብዳቤ አልደረሰኝም። እኔም እንዳንቺ ልገላገል ብዬ፣ ብቻዬን ቀርቤ «ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። መቀጮውን ከፍዬ ወጣሁ። ወንጀለኛ ተብዬ እንደተመዘገብኩ የገባኝ ሥራ ልቀጠር ስል ነው። እገዳውን አለማወቄ መከላከያ ሊሆነኝ ይችል እንደነበር የነገረኝ ጠበቃ ያገኘሁት ከረፈደ በኋላ ነው። አፈርኩ። ከሁሉም በላይ አንቺን ፊት ለፊት ማየት ከበደኝ። ይቅር በዪኝ።

ያንቺም የእኔም ክስ የሚመደብበትን ሚስድሚነርን «ቀላል ወንጀል» ብለን ስለምንተረጉመው ይመስለኛል የምንንቀው። ቀላል የሚባለው ከፌለኒ፣ ማለትም ከከባድ ወንጀል ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ደረጃ አለው። ሦስተኛውና አራተኛው በገንዘብ ብቻ ያስቀጣሉ፣ እስከ 500 እና እስከ 250 ዶላር። ሁለተኛው እስከ ስድስት ወር እስር አለው። አንደኛው ግን እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ከሱቅ መስረቅ የሚመደበው እዚህ አንደኛው ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ አይታሰርም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እስሩ አይደለም።

ግሪን ካርድ ካገኘሽ ገና ሦስት ዓመትሽ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ስርቆትን የሞራል ጉድለት ከሚያሳዩ ወንጀሎች ይቆጥረዋል። ከገባሽ በአምስት ዓመት ውስጥ የተፈጸመ ከሆነና ሕጉ አንድ ዓመት ሊያሳስርበት የሚችል ከሆነ፣ ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሚታየው የተፈረደብሽ ሳይሆን ሊፈረድብሽ የሚችለው ነው። አንድ ቀን ሳትታሰሪ እንኳ!

ሌላም አለ። «ጥፋቱን እመኚ፣ ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ (ያለ ክፍያ የሕዝብ አገልግሎት) ሥሪ፣ ክሱ ይዘጋልሻል» ሊሉሽ ይችላሉ። ለአሜሪካ ተወላጅ ጥሩ ነገር ነው። ላንቺ ግን ካመንሽና አንዳች ግዴታ ከተጣለብሽ፣ ክሱ በኋላ ቢዘጋም ኢሚግሬሽን እንደ ጥፋተኛ ሊቆጥርሽ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው በመልካም ልብ ያሳስትሻል።

ደግሞ ስርቆት ማለት ለመስረቅ አስቦ መውሰድ ነው። ልጅ ይዘሽ፣ ተጣድፈሽ ረስተሽው ከሆነ፣ ያ መርሳት ነው። አስበሽበት እንደወሰድሽ ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። ወረቀቱ ላይ መፈረምሽም ማመን አይደለም፤ በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ ማለት ብቻ ነው። እንዳትቀሪ ብቻ፤ መቅረት ራሱ ሌላ ወንጀል ነው።

መጀመሪያ ስትቀርቢ ጠበቃ እፈልጋለሁ በያቸው። የመክፈል አቅም ከሌለሽ እንዲመደብልሽ ጠይቂ። ዳኛው እስር አልፈርድም ካሉ ግን ላይመደብልሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተዋጥተን እንቀጥራለን፣ በዚህ አታስቢ። የክሪሚናል ጠበቃው ስለ ኢሚግሬሽን እንዲመክርሽም ጠይቂው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ግዴታው ነው ብሎ ወስኗል። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ነጻ ነው፣ የፍርድ ቤት እንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ነው። ፍርዱ ካልተስማማሽ በ10 ቀን ውስጥ ከፍ ላለው ፍርድ ቤት፣ ለሰርኪት ኮርት፣ ይግባኝ ብትዪ ጉዳይሽ እንደ አዲስ ይታያል። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው 10ሩ ቀን ያለፈብኝ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የቀጠሮውን ቀን ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እደውላለሁ፤ ስልኩን አንሺልኝ።

የጠፋችው እህትሽ